ለእንኳየሁ የተመረጠው ሙሾ

እንኳየሁ በሞተች ዕለት፣ ገና አስከሬኗ ተገንዞ ሳያበቃ፣ ሁለቱ ልጆቿ በሞንታርቦ ተጣሉ። አዎ፣ በሞንታርቦ! ሰው ሲሞትበት የሚጣላበት ነገር አያጣም። አንዱ በመሬት፣ ሌላው በመቃብር ቦታ ይጨቃጨቃል። እነዚህ ደግሞ እናታቸው በምን ዜማ ትሸኝ በሚለው ተናንቀው አረፉት።

«ሙሾ የሚባል ነገር አልሰማም» አለ አለነ። «መዝሙሩን በፍላሽ ጭኜ፣ ሞንታርቦውን ከነጄኔሬተሩ ከጎንደር አስጭኜ መጥቻለሁ። እሱ እየተከፈተ በክብር ትሸኝ። አለቀ ደቀቀ!»

«ምነው አንተ! ምን ነካህ!» አለች ታየች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያጠበቀች። «ኮሶዬ ውስጥ እናታችን ያላለቀሰችለት ሰው አለ? የአገሩን ሬሳ ሁሉ ደረቷን እየደቃች ሸኝታ፣ እሷ ስትሞት በፍላሽ?»

«ቄሱም ቢሆኑ ሙሾ አይወዱም።»

የእንኳየሁ የነፍስ አባት ቄስ ሀብተሥላሴ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ስማቸው ሲነሳ ቀና አሉ። «ፍትሐቱ የእኛ ነው፣ ሜዳው የእናንተ ነው። እኔን ከነገራችሁ አውጡኝ» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ታየች የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። አለነ ተከታይዋ ነው፣ እዚያው ጎንደር ባጃጅ ይነዳል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ልጅ ማሩ ነበር። የሁለቱ ጠብም ከላይ ሲታይ በሞንታርቦ ይምሰል እንጂ፣ ከሥሩ በማሩ ነው።

ጭቅጭቁ ሲከር የእድሩ ዳኛ አያ ሰውአገኝ ከውጭ ገቡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ልጆች፣ ነገ የምናለቅሰው ለአንድ ሰው ነው ለሁለት?»

የሚገንዙት ሴቶች እንኳ እጃቸው ቆመ።

ጥያቄው እንግዳ ይመስላል እንጂ አያ ሰውአገኝ እውነታቸውን ነበር። ማሩ ከሁለት ዓመት በፊት ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ወደ መተማ ቆላ ወረደ። የደጋ ልጅ ነው፣ ቆላውን የት ያውቀዋል! ትኩሳት ጣለው፣ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ሞተ፣ አብረውት የወረዱት ልጆች እዚያው ቀበሩት። መርዶው መጀመሪያ የደረሰው አለነ ዘንድ ነበር። አለነም ባጃጁን መንገድ ላይ ጥሎ እየሮጠ ታየች ዘንድ ሄደ።

ያኔ እንኳየሁ ከሆስፒታል የወጣችው በቅርቡ ነበር። ልቧ ደክሟል፣ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቋል። በአገሩ ወግ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው። ሽማግሌዎቹም ተዘጋጅተው ነበር። ታየች ግን እግራቸው ላይ ወደቀች። «ትሞትብኛለች! እናቴን አትግደሉብኝ! ትንሽ ትጠንክርና እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ እሺ አሉ። ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ፋሲካ ሲያልፍ ክረምቱ ይውጣ ተባለ። ክረምቱም ወጣ፣ ሌላ ፋሲካም መጣ፣ ታየች እንደሆነ አፏን አልከፈተችም። አገሩ ሁሉ አፉን ይዞ ኖረ። ማሩስ የት ሄደ ሲባል፣ ሱዳን ተሻግሯል፣ ሸጋ ሥራ ይዟል ተባለ።

እናት ግን እናት ናት፣ «ድምፁን አሰሙኝ» አለች። አሁን ምን ይደረግ? ይህን ጊዜ ነው ያ ጉድ የመጣው። የማሩና የአለነ ድምፅ ድሮም ይመሳሰላል፣ ሰው ከበር ውጭ ሆኖ አይለያቸውም ነበር። አለነ ሌላ ሲም ካርድ አወጣ፣ ነጠላ አፉ ላይ ጣል አደረገ፣ ለእንቁጣጣሽ ደወለ። ታየች ያን ቀን ኮሶዬ እናቷ አጠገብ ነበረች።

«እምዬ፣ እኔ ነኝ፣ ማሩ ነኝ።»

እንኳየሁ ስልኳን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና ዓይኗን ጨፈነች። «እሰይ ልጄ፣ እሰይ የኔ ሸጋ። እህል ትበላለህ? ልብስ ትደርባለህ?» አለችው።

«እበላለሁ እምዬ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ መልሼ እደውላለሁ።»

ስልኩን ስማ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ታየች ውጭ ወጥታ የባሕር ዛፉን ግንድ ይዛ አለቀሰች። አለነም ጎንደር ላይ ባጃጁን አቁሞ አረቄ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል፣ በደወለ ቁጥር ደግሞ ይጠጣል። በኋላ በኋላማ ለመጠጣት በዓሉንም አልጠበቀም። ሚስቱ አማርራ ጥላው ሄደች፣ ባጃጁንም ሁለቴ ገደል አፋፍ ላይ አቁሞት ተገኘ።

እንኳየሁ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ማብዛት ጀመረች። ለቅሶ ነው ከተባለ ሩቅ አይላትም፣ ዳባት ድረስ በመኪና ተሳፍራ ትሄዳለች፣ በስም እንኳ ለማታውቀው ሰው ደረቷን ትመታለች። «ምን ዓይነት አዛኝ ፍጥረት ናት!» ይላል ሰው። ታየች ግን ትቆጣለች፣ ለልቧ ፈርታ። በመጨረሻው ዓመትማ ጭራሽ ከለከለቻት። «ለማታውቂው ሰው እያለቀስሽ ልትሞቺ ነው? ሁለተኛ ለቅሶ ብትሄጂ እኔን አታገኚኝም!» ብላ ማለች። እንኳየሁም «እሺ ልጄ» አለችና ቤቷ ተቀመጠች።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ስለዚህ አያ ሰውአገኝ «ለአንድ ነው ለሁለት?» ሲሉ ሁሉም ገባው።

«ልጁ ያልተለቀሰለት ነው» አሉ አያ ሰውአገኝ ቀስ ብለው። «እናቱን ፈርተን ዝም አልን። አሁን ማንን እንፈራለን?»

አለነ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መዝሙር ይሁን ያለው ወዶ አልነበረም። ሙሾ ከወረደ የማሩ ስም በእናቱ አስከሬን ፊት እንደሚነሳ ያውቃል። ብዙ ቆይቶ እጁን ከፊቱ አነሳ።

«እሺ፣ ለሁለቱም ይለቀስ» አለ። «አንቺም ቃሉን ለአማረች ስጫት እታለም። ግን አንዲት ነገር ለምኛት። እናታችን ምንም ሳትሰማ መሄዷ ይነገርላት። ልጄ አለ እያለች፣ ሳታዝን መሄዷን ሰው ሁሉ ይስማልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሱማ ይባላል» አለች ታየች። እሷም የቀራት መጽናኛ ያ ብቻ ነበር።

አማረች የዚያ አገር አልቃሽ ናት። አልቃሽ ነኝ ባይ ሞልቷል፣ እንደ አማረች ያለች ግን የለችም። ሥራዋም የራሱ ሕግ አለው። ከራሷ ፈጥራ አታወጣም። ከቀብሩ በፊት የሟች የቅርብ ሴት ቤቷ ድረስ ሄዳ ቃል ትሰጣታለች፤ የሟችን ደግነት፣ የልጆቹን ስም፣ ያየውን መከራ ትነግራታለች። አማረች እሱን ይዛ በግጥም ታወርደዋለች። ያልተሰጣትን አትጨምርም፣ እውነት ያልሆነውን ደግሞ ቢሰጧትም አትቀበልም። ሚስቱን ሲቀጠቅጥ ለኖረ አንድ ባለጸጋ «ርኅሩኅ ይበሉልን» ቢሏት፣ ነጠላዋን አራግፋ ከሜዳው ወጥታ ሄዳለች።

ታየች ስትደርስ አማረች ደጇ ላይ ገብስ እያበጠረች ነበር። ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሳች፣ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ከዚያ መደብ ላይ ተቀመጡ።

«ቃል ልሰጥ ነው የመጣሁ፣ እትዬ አማረች።»

«ስጪኝ ልጄ።»

ታየች ሰጠች። እናቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጅ ብቻዋን ማሳደጓን፣ ለእንግዳ በሯ አለመዘጋቱን፣ ከጎረቤቷ ጋር በድንበር ስትሟገት እንኳ አፏ ክፉ አለመናገሩን ነገረቻት። አማረች በየመሐሉ ራሷን ትነቀንቃለች።

«ለማሩም አብረው ያልቅሱለት። ግን አንድ ነገር አለ» አለች ታየች። «የልጇን ሞት ሳትሰማ መሄዷን ያንሱልን። ሳትሰማ፣ ሳታዝን መሄዷን።»

አማረች ራሷን መነቅነቅ አቆመች። «እሱን ማን አለሽ?»

«አለነ ነው የለመነኝ። እኔም እፈልገዋለሁ።»

«እሱን አልልም።»

«ምነው?»

«ሐሰት ነዋ ልጄ። እናትሽ ታውቅ ነበር።»

ታየች ሣቀች። ሰው አንዳንዴ ሲደነግጥ ይሥቃል። ከዚያ ቱግ አለች። «ማነው የነገራት? የማነው ምላስ ነው? ንገሩኝ፣ ዛሬ አልለቀውም!»

«ማንም አልነገራት። አገሩ አፉን ዘጋ፣ ፊቱን ግን የት ይደብቀው? በድንበር ስትሟገታት የኖረችው ጎረቤቷ አንድ ቀን ገብስ ተሸክማ መጥታ እግሯን ሳመቻት። ገበያ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ሴቱ ሁሉ ቦታ ይለቅላታል። እዚህ መጣችና፣ 'አማረች፣ ሰው ባንዴ ደግ ሆነብኝ። ሰው እንዲህ የሚሆነው ልጅ ለሞተበት ነው። ታየችንና አለነን በዓይኔ አያቸዋለሁ። ማሩ ነው አይደል?' አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? አለቀስኩ። በቃ፣ መርዶዋ ያ ነው።»

«ስልኩስ? በስልክ ታዋራው አልነበር?»

«ስልኩማ!» አለች አማረች። «'አለነ እኮ ልጅ ሳለ ከበቅሎ ወድቆ አፍንጫው ከተሰበረ ወዲህ፣ ከመናገሩ በፊት ትንፋሹ ፉጨት አለው። ወልጄ ያጠባሁትን አታውቀውም ብለው ነው?' ትለኝ ነበር። ገና 'እምዬ' ሳይላት አውቃዋለች።»

ታየች መደቡን በጥፍሯ ይዛዋለች። «ታዲያ ለምን ዝም አለችን? ለምን እንዲህ አደረገችን?»

«እኔም አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ልጆቼ ለኔ ሲሉ ስንት ደክመዋል። አውቄያለሁ ብላቸው ታየች ትሸማቀቃለች፣ አለነ ግን መግቢያ ያጣል፣ የልጄን ልብ አውቀዋለሁ። አንዱን አጥቻለሁ፣ እሱንም ልጣ? ይደውል፣ ማሩ ነኝ ይበለኝ፣ እኔም እሰይ ልጄ እለዋለሁ' አለችኝ። ስልኩ ሲዘጋ እዚህ ትመጣለች። አሁን አንቺ ካለሽበት ቁጭ ትልና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች፣ ድምፅ እንዳይወጣ። እንደልቧ የምታለቅሰው ለቅሶ ስታገኝ ነበር። ሰው ለሟቹ የምታለቅስ ይመስለዋል፣ እሷ ማሩን ነው የምታለቅሰው። ሌላ የት ታልቅስ? በኋላ እንኳ እሱም ቀረባት።»

እሱ እንዴት እንደቀረባት ታየች ታውቃለች። «ሁለተኛ ለቅሶ ብትሄጂ» ያለችው እሷ ናት። «እሺ ልጄ» ያለቻትም በጆሮዋ መጣ። ወይ ታየች! ጮኸች፣ መደቡ ላይ ተደፍታ ጮኸች። አማረችም አላባበለቻትም፣ እስኪወጣላት ትታት ተቀመጠች።

ስትበርድ ጊዜ አማረች ቀጠለች። «ቃሏን ራሷ ሰጥታኛለች። 'ስሞት እንግዲህ የሚደበቅ የለም፣ ለሁለታችን ባንድ አልቅሺልን። ማወቄንም ንገሪልኝ። ልጇን ሳታለቅስለት የሞተች እናት አልባል' አለችኝ።» ከዚያም በዜማ ሳይሆን፣ በንግግር ብቻ አለችላት፦

ማሩ ነኝ እያለ አለነ ቢደውል፣
እሰይ ልጄ አልኩት ልቡ እንዳይቆስል።
ሁለት ዓመት ሙሉ ጓዳ ያለቀስኩ፣
ዛሬስ ከማሩ ጋር ለሜዳ ደረስኩ።

«ይኸው ነው» አለች አማረች። «እኔ ማለት የምፈልገው ይህን ነው። የቤቱ ሴት ግን አንቺ ነሽ፣ አንቺ ሳትፈቅጂ አልልም። ነገ ሜዳው ላይ ንገሪኝ።»

ታየች ወደ ቤት ስትመለስ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ሸፍኖታል። ልቧ ቆርጦ ነበር። ይባላል! እናቴ ያለችው ቃል በቃል ይባላል፣ የፈለገው ይምጣ እያለች ነው የምትራመደው። ሁለት ዓመት አፏን አፍና ለኖረች ሴት አራት መስመር ግጥም ይበዛባታል? አይበዛባትም።

አለነ አጥሩ ጥግ ጄኔሬተሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ተነሳ።

«እታለም፣ ነይ አፌን አሽቺኝ።»

«ምን ሆነሃል?»

«አሽቺኝ ብያለሁ። ዛሬ አንዲት ጉንጭ አልቀመስኩም። ጓደኞቼ ቢሰጡኝ አልቀበል አልኩ።» ዓይኑ ቀልቷል፣ ፊቱ ግን ከስንት ጊዜ ወዲህ የሰው ፊት ሆኗል። «ምን እያሰብኩ እንደነበር ልንገርሽ? በሕይወቴ የረባ ነገር አልሠራሁም። ሚስቴን አባረርኩ፣ ሥራዬን አበላሸሁ። አንዲት ነገር ግን ሠርቻለሁ። እናቴን በሰላም ሸኝቻለሁ። ስደውልላት እንዴት ደስ እንደሚላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚያች ላይ ቆሜ እንደገና ሰው መሆን እችላለሁ። ብታውቅ ኖሮማ…»

«ብታውቅስ ኖሮ?» አለች ታየች፣ ሳታስበው።

«እግዚኦ! ብታውቅ ኖሮማ ሞቶባት ሳለ በሞተ ልጇ ስም ስቀልድባት ኖሬአለሁ ማለት ነው። ያን ቀን ባጃጁን ከነነፍሴ እሰደው ነበር።» እንደ ቀልድ ነው ያለው፣ ገደሉ ግን ቀልድ አይደለም፣ ሁለቴ አፋፉ ላይ ቆሟል። «አማረች እሺ አለች? ሳትሰማ መሄዷን ታነሳዋለች?»

ታየች ወንድሟን አየችው። እናቷም አንድ ቀን ስልኳን ይዛ እንዲህ እንዳሰበች ገባት። ሁለቱን ባንድ ላይ ማዳን አይቻልም፣ አንዷ ደግሞ ሞታለች።

«ታነሳዋለች» አለችው።

በማግስቱ ሞንታርቦው መዝሙሩን እያሰማ አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ፍትሐቱ ተፈታ። ከዚያ ጄኔሬተሩ ጠፋ፣ ሰውም ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው ሜዳ ወረደ። ማሩ ቆላ ከመውረዱ በፊት የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። ጃኬቱንም አንዲት የአክስት ልጅ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። አገሩ ሁሉ መጥቷል። ሁለት ዓመት የታፈነ ለቅሶ ነውና ገና ሳይጀመር ሰዉ ያቃስታል።

አማረች ወደ መሐል ከመግባቷ በፊት ታየች አጠገብ ቆመች። «የትኛው?» አለቻት።

«የአለነ ይባል።»

«እናትሽ የለመነችኝስ?»

«አለነ ይሞትብኛል እትዬ አማረች። እሷም የፈራችው ይህንኑ ነው። እባክዎን!»

አማረች ብዙ አየቻት። ፊቷ ላይ ቁጣም አልነበረም፣ ድካም ብቻ ነበር። «እሺ» አለች። «ለእሱ ስትል ዝም ያለችው እሷው ናት፣ ምን አደርጋለሁ። ከዛሬ ወዲያ ግን ሜዳ አትጥሩኝ። ውሸት ካወረድኩ በኋላ ማን ያምነኛል? እኔስ ራሴን አምናለሁ?»

ገባች። ድምፅዋንም ለቀቀችው። የእንኳየሁን ደግነት አወረደች፣ የማሩን ልጅነት፣ ቆላ መውረዱን፣ ዘመድ አልባ መቃብሩን አወረደች። ሰው ደረቱን ይመታል፣ ሴቶቹ ይዘላሉ። ከዚያ ትንሽ አረፈችና፣ ወደ አስከሬኑ ዞራ፦

ታደልሽ እንኳየሁ ምንም ሳትሰሚ፣
ልጄ አለኝ እንዳልሽ በሰላም ክረሚ።

አለነ መሬት ላይ ወደቀ። «ወንድሜ!» እያለ፣ «እናቴ!» እያለ፣ አፈሩን እያፈሰ ራሱ ላይ ይነሰንሳል። ማሩ ከሞተ ወዲህ በሰው ፊት ሲያለቅስለት የመጀመሪያው ነው። አያ ሰውአገኝ ደግፈው ሊያነሱት ሞከሩና ተዉት። «ይውጣለት» አሉ። «ይውጣለት፣ ታምቆ ኖሯል።»

ታየች ደረቷን መምታት ነበረባት፣ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ሳጥኑን እያየች ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ማንም የሰማት የለም። ዛሬስ ከማሩ ጋር ለሜዳ ደረስኩ፣ ዛሬስ ከማሩ ጋር። እናቷ ሜዳው ላይ ደረሰች፣ እዚህም ግን አፏን አፈኗት። መጀመሪያ ልጇን እንዳታለቅስ ያደረገቻት ታየች ናት፣ ቀጥሎ ለቅሶ ከለከለቻት፣ አሁን ደግሞ ሬሳዋ ላይ ቃሏን ቀማቻት። ይህን ሁሉ ያደረገችው ስለምትወዳት ነው፤ ይህን ማሰቡ ደግሞ ምንም አልረዳትም።

እንኳየሁ ተቀበረች።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ንፍሮው ዞረ፣ አረቄውም ዞረ። ለአለነ ሲያቀርቡለት በእጁ መልሶ ገፋው። ሰው እየመጣ ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ነገር ይላል። «እግዜር ያጽናችሁ። ደግነቱ ምንም ሳትሰማ ሄደች።» ታየች፣ «አዎ» ትላለች። ሌላው ይመጣል። «አንድ ነገር ነው፣ ልጄ አለ ብላ ሞተች።» «አዎ።» ያቺ በድንበር ስትሟገት የኖረች ጎረቤትም መጥታ ያንኑ ብላ አለቀሰች። «አዎ» አለቻት ታየች።

ሰው ትንሽ ሳሳ ሲል አለነ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቀኝ።»

«ለፋሲካ ስደውልላት፣ ያው የመጨረሻው መሆኑ ነው፣ ልትዘጋው ስትል ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ልጄ፣ ደክሞሃል። እኔ ደህና ነኝ። ከእንግዲህ በቃህ' አለችኝ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። አሁን ሜዳው ላይ ሳለሁ ትዝ አለኝ። ምን ማለቷ ነው?»

ታየች ዓይኑን ላለማየት የነጠላዋን ጥለት ማስተካከል ጀመረች። «ምን ማለት ይሆናል? ሥራ በዝቶበታል ብላ አስባ ነዋ» አለች። «ለማሩ ነው ያለችው። ሱዳን ነው ያለው ብላ አይደል የምታስበው።»

አለነ ለረጅም ጊዜ አያት። አፍንጫው ውስጥ ትንፋሹ ሲያፏጭ ታየች ሰማችው፣ ዕድሜ ልኳን አጠገቡ ኖራ ሰምታው የማታውቀው ፉጨት ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነሽ» አለ። «ለማሩ ነው።»

እጁን ዘርግቶ ያልፍ የነበረውን የአረቄ ብርጭቆ ወሰደና ባንድ ጊዜ ጨለጠው። ሁለተኛም ተቀበለ። ታየች እጁን ልትይዘው አሰበች፣ አልያዘችውም። ማወቁን አወቀች። እሱም እንደ እናቱ አውቆ፣ ለእሷ ብሎ ዝም ማለቱን አወቀች።

አያ ሰውአገኝ መጥተው መሐላቸው ተቀመጡ። ሁለቱንም ትከሻቸውን ያዝ ያዝ አደረጓቸው።

«በርቱ ልጆቼ» አሉ። «ደግነቱ ሳትሰማ ሄደች።»

«አዎ» አሉ ሁለቱም።